አልኮሉ ለልጃችሁ ጭንቅላት ሳይሆን ለማሽኑ ነው



በየፀጉር ቤቱ የተለመደ ነገር አለ። ልጁ ተስተካክሎ ሲጨርስ ፀጉር አስተካካዩ አልኮል መዳፉ ላይ ያፈስና ግንባሩንና ማጅራቱን ይቀባዋል። ልጁ ያቃጥለውና ፊቱን ያጨማድዳል፤ አባት ደግሞ "ጀርሙን እኮ ነው የሚገድልልህ፣ ቻለው" ይለዋል።

እንደ ሐኪም የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ አልኮሉ ጥሩ ነው፣ ቦታውና ጊዜው ግን ተሳስቷል። ቆዳው በማሽኑ ከተጫረ፣ ከሌላ ሰው የተረፈው ጀርም የሚገባው ገና በመቁረጡ ሰዓት ነው። መጨረሻ ላይ የሚቀባ አልኮል የገባውን አያወጣም። አልኮሉ መንካት ያለበት ቶንዶሱን ነው፤ እሱም ልጃችሁ ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት።

ጥሩ ፀጉር አስተካካይ ማለት ፌድ አሳምሮ የሚያወጣ ብቻ አይደለም። በአንዱና በሌላው ደንበኛ መካከል ያሉትን አምስት ደቂቃዎች የሚያከብር ነው። ማጽዳት ከሙያው ጎን የሚሠራ ተጨማሪ ሥራ ሳይሆን ራሱ ሙያው ነው።

ምን ሊተላለፍ ይችላል?

የመጀመሪያው ቆረቆር ነው። ፈንገስ ነው፤ በብዛት የሚይዘውም ልጆችን ነው። ከልጅ ወደ ልጅ በቤትም በትምህርት ቤትም ይተላለፋል፤ በጋራ ማበጠሪያ፣ በኮፍያ፣ በትራስ፣ ባልጸዳ ማሽንም እንዲሁ። ፀጉሩ በቦታ በቦታ ይሰበራል፣ ቆዳው ይቀረፋል፣ ያሳክካል፤ ከጭንቅላት ኋላና ከአንገት ላይ ትንንሽ እብጠቶች ሊዳሰሱ ይችላሉ። አንዳንድ ልጅ ላይ መግል የያዘና የሚያም እብጠት ይሆናል። ይህ ብጉንጅ ይመስላል፣ ግን እንደ ብጉንጅ በምላጭ መከፈት የለበትም። በጊዜ ካልታከመ ፀጉር ዳግም የማይበቅልበት ጠባሳ ሊተው ይችላል።

ቆረቆር በቅባት ብቻ አይድንም። ፈንገሱ ያለው ፀጉሩ ውስጥና ሥሩ ላይ ስለሆነ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ያስፈልጋል። በብዛት የሚታዘዘው ግሪሲዮፉልቪን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል፣ ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ሲሆን ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። ማሳከኩ ስለቆመ ብላችሁ በሁለተኛው ሳምንት አታቋርጡት። ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ማሰርም ቆዳን ያቃጥላል፤ በቁስል ላይ ቁስል ይጨምራል።

ሁለተኛው ሄፓታይተስ ቢ ነው፣ ብዙዎቻችን "የጉበት ቫይረስ" የምንለው። ሰዎች ስለ ምላጭ ሲያስቡ ቀድሞ የሚመጣባቸው ኤችአይቪ ነው። ኤችአይቪ ግን ከሰውነት ውጭ ብዙም አይቆይም፤ ሄፓታይተስ ቢ ደረቅ ነገር ላይ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። በተበከለ መርፌ የተወጋ ሰው ኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉ ከ1000 ሰው 3 ያህል ሲሆን፣ ሄፓታይተስ ቢ ግን ላልተከተበ ሰው ከ100 ሰው ከ6 እስከ 30 ይደርሳል። መርፌ ከምላጭ የበለጠ ደም ስለሚይዝ ይህን ቁጥር ያቀረብኩት ሁለቱን ለማነጻጸር እንጂ ለማስፈራራት አይደለም።

በአገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከሕፃናት መደበኛ ክትባት ጋር የገባው በ1999 ዓ.ም ነው። የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንት ክትባቱን የጨረሰ ልጅ በአብዛኛው የተጠበቀ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ አባትና ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ግን ምናልባት ጭራሽ አልተከተቡም። ተመርምራችሁ ነጻ ከሆናችሁ፣ ለአዋቂ በ6 ወር ውስጥ የሚሰጥ ሦስት ጊዜ ክትባት አለ።

ሦስተኛው የፂምና የማጅራት ሽፍታ ነው። ይህ የመሣሪያ ንጽህና ብቻ ሳይሆን የአቆራረጥም ጉዳይ ነው። የእኛ ፀጉር ጥቅልል ስለሆነ ከቆዳ በታች ድረስ ሲላጭ ጫፉ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል። ቆዳን ወጥሮ፣ ከፀጉሩ አበቃቀል በተቃራኒ፣ አንዱን ቦታ ደጋግሞ መላጨት ያባብሰዋል። ማጅራት ላይ ሲደጋገም ጠጣር ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ሽፍታ የሚወጣበት ሰው ዜሮ ባይባል፣ ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ፀጉር ቢተውለት ይሻለዋል። ለልጆችም ቁጥር 1 ማለትም 3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ወይም ቁጥር 2 ማለትም 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚተወው የማሽን ማበጠሪያ ቢገጠም የብረቱ ጥርስ ቆዳውን አይጭረውም።

እሳቱና ሰማያዊው መብራትስ?

ሁለቱም ደንበኛን ያረጋጋሉ፤ ያን ያህል ግን አያጸዱም። ማሽኑ ላይ አልኮል ረጭቶ በላይተር ማቀጣጠል ለጥቂት ሴኮንድ የሚነድ እሳት ነው። የሚነደው በዋናነት የሚተነው አልኮል ነው፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ብረት በሚፈለገው መጠንና ጊዜ አይግልም። በጤና ተቋም መሣሪያ ስናጸዳ በግፊት እንፋሎት 121 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 15 ደቂቃ እናቆየዋለን። ከአልኮል ጠርሙስ አጠገብ እሳት መለኮስም ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

ሰማያዊ መብራት ያለው ሳጥንም ጨረሩ የሚደርሰው ፊት ለፊቱ ያለው ገጽ ላይ ብቻ ነው። ፀጉርና ቅባት የሸፈነውን ቦታ አያገኘውም። የጸዳ ዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል፤ ያልጸዳውን ግን አያጸዳም።

ትክክለኛው አሠራር

ለፀጉር አስተካካይ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፦

1. ማሽኑን አጥፍታችሁ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ፀጉር በብሩሽ አራግፉ። ፀጉርና ቅባት ካልወጣ አልኮሉ ጀርሙን አያገኘውም።
2. ጥርሶቹን በ70 ፐርሰንት አልኮል በደንብ አርሱና ራሱ እስኪደርቅ ጠብቁ። ወዲያው በጨርቅ መጥረግ ሥራውን ያበላሸዋል። ከደረቀ በኋላ ዘይት አድርጉለት።
3. ፕላስቲክ ማበጠሪያዎችን በሳሙና አጥባችሁ በተበጠበጠ በረኪና ውስጥ 10 ደቂቃ ዘፍዝፉ። 5 ፐርሰንት የሆነውን በረኪና አንድ እጅ፣ ውኃ ዘጠኝ እጅ። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፤ ስትጨርሱ አለቅልቁት። ብረት ስለሚያዝግ ለማሽኑ አትጠቀሙበት።
4. ምላጭ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ። ያገለገለውን ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ጣሉ።
5. አንገት ላይ ከሚታሰረው ጨርቅ በታች ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ሶፍት አድርጉ፤ ፎጣም አይደገም።
6. ደም ከወጣ ሥራውን አቁማችሁ እጃችሁን ታጠቡ፣ ማሽኑንም እንደገና አጽዱ።

ይህን የሚከፍለው ማነው?

"ሰው ተሰልፎ እያየ ማን አምስት ደቂቃ ይጠብቃል?" የሚል መልስ ከፀጉር አስተካካዮች እሰማለሁ። እውነት አላቸው። በእንቁጣጣሽ ወይም በዒድ ዋዜማ፣ ትምህርት ሊከፈት ሰሞን፣ "ቶሎ በል እንጂ!" የምንለው እኛው ነን። ዋጋ ትንሽ ሲጨምርም ወደ ጎረቤቱ ፀጉር ቤት የምንሄደው እኛው ነን። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በወጣቱ ባለሙያ ላይ መጣል ፍትሐዊ አይመስለኝም። ብዙው የለመደው ከጎኑ ሲሠራ ካየው ሰው ነው፤ ያ ሰው ካላጸዳ እሱም አያጸዳም። ሁለት ማሽን ኖሮት አንዱ ሲደርቅ በሌላው ቢሠራ ሰልፉም አይቆምም። ለዚያ የሚጨመረውን ጥቂት ብር መክፈል ግን የእኛ ድርሻ ነው። ተቆጣጣሪዎችም ከወለሉና ከመስታወቱ ንጽህና ይልቅ በደንበኛና በደንበኛ መካከል የሚሆነውን ቢያዩ እመርጣለሁ።

"የራሴን ማሽን ይዤ እሄዳለሁ" የምትሉም አላችሁ። ለሚችል ጥሩ ነው። ግን አራት ወንድማማቾች ሳያጸዱ የሚጋሩት ማሽን የቤት ስለሆነ ብቻ ንጹሕ አይሆንም።

እንግዲህ ወላጆች፦

• በአክብሮት ጠይቁ። "ወንድሜ፣ ማሽኑን አንዴ በአልኮል አጥራልኝ፣ እጠብቃለሁ" ማለት ስድብ አይደለም። የሚያጸዳውን አመስግኑት፣ ደንበኛው ሁኑ።
• ምላጩ ከወረቀቱ ሲወጣ እዩ።
• ከልጃችሁ ጭንቅላት ላይ የሚቀረፍ ነገር ወይም የተሰበረ ፀጉር ካያችሁ ከመላጨታችሁ በፊት አስመርምሩት። ወንድሞቹና እህቶቹም ይታዩ።
• ቆረቆር ያለበት ልጅ ሕክምና ሳይጀምር ፀጉር ቤት አይሂድ። ከእናንተ ቀጥሎ የሚቀመጠውም የሰው ልጅ ነው።