በመስኮት የሚገባ ባለቤት!

ሰው በገዛ ቤቱ በመስኮት ሲገባ ብታዩት ምን ትላላችሁ? «ወይ ቁልፉ ጠፍቶበታል፣ ወይ ሌባ ነው» ትላላችሁ። በየካቲት 2015 እኔ ሁለቱንም አልነበርኩም። ቁልፌን ሌላ ሰው ወስዶብኝ እንጂ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ላይ የተነሣው ጉዳይ አገሩን ባናወጠበት ሰሞን፣ የካቲት መግቢያ ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ጥርቅም ተደረጉ። ማን ዘጋ? በየትኛው ሕግ? ለስንት ቀን? የፍርድ ቤት ትእዛዝ አሳዩን ብንል ያሳየን የለም። እንዲሁ እንደተጠረቀመ እስከ ሐምሌ ድረስ አምስት ወር ቆየ።

በዚያው ሰሞን ለእኅቴ ልጅ የሥራ ማስታወቂያ ጉዳይ፣ ስሙን ወደማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ «ዝርዝሩ በቴሌግራም ወጥቷል፣ እዚያ ይመልከቱ» አለችኝ። «እሱ እኮ ተዘግቷል የኔ ልጅ!» ስላት፣ ግራ ቀኙን አየት አድርጋ «ጋሼ፣ ቪፒኤን የለዎትም እንዴ?» አትለኝም! ወይ ጉድ! መንግሥት በሩን ይዘጋል፣ የመንግሥት ሠራተኛ ቀዳዳውን ይጠቁማል። ሹማምንቱም ቢሆኑ መግለጫቸውን በዚያው በዘጉት ፌስቡክ ላይ ሲለጥፉ ከረሙ። ማን እንዲያነብላቸው ነበር?

የእኅቴ ልጅ ቪፒኤኑን በሁለት ደቂቃ ጫነልኝ። ላልገባችሁ እሱ እንዳስረዳኝ ላስረዳ። አንድ ገጽ ለመክፈት ስትሞክሩ ጥያቄያችሁ የሚያልፈው በኢንተርኔት አቅራቢው በር ነው። በረኛው አድራሻውን ያያል፣ ከተከለከሉት ከሆነ ይመልሰዋል። ቪፒኤን ደብዳቤያችሁን በሌላ ፖስታ አሽጎ ውጪ አገር ወዳለ ኮምፒዩተር ይልከዋል። በረኛው የሚያየው የላይኛውን ፖስታ አድራሻ ብቻ ነው። ያኛው ኮምፒዩተር ፖስታውን ቀዶ፣ የጠየቃችሁትን ገጽ አምጥቶ፣ መልሶ አሽጎ ይልክላችኋል። ሳይፎንና ቶር የሚባሉትም በየፊናቸው የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

ታዲያ ልጁ «ጋሼ፣ አሸነፍናቸው!» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል።

እስቲ እናስብ። ያንን ፖስታ የሚቀደው ማነው? ነፃ ቪፒኤን የሚያድለን ሰው ምን በልቶ ያድራል? አንዳንዱ የት የት እንደገባን መዝግቦ ለማስታወቂያ ነጋዴ ይሸጣል። ከበረኛው ዓይን ሸሽተን ከማናውቀው ሰው ጉያ ገባን ማለት ነው። በላዩ ላይ ዳታው ይበላል፣ ባትሪው ያልቃል፣ መሥመሩ ይንቀረፈፋል። በረኛውም ቢሆን ተኝቶ አያድርም። በ2004 ቶርን የዘጉት የፖስታውን አድራሻ አይተው ሳይሆን፣ የአስተሻሸጉን ዓይነት በመሣሪያ መርምረው ለይተው ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ ሲቆረጥ ነው። ፖስታ ማሸግ ምን ይጠቅማል ፖስተኛው ከሌለ? ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ በሰኔ 2012፣ አገር ምድሩ ለሦስት ሳምንት ገደማ ጨለማ ውስጥ ገባ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ሁለት ዓመት ተቆልፎበት ኖረ። አማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት አጣ። ያኔ የትኛው ቪፒኤን ደረሰላቸው? እናት የልጇን ሬሳ ወሬ እንኳ መስማት አልቻለችም።

የሚገርመው ይህ በሽታ ከመንግሥት መንግሥት መውረሱ ነው። አባቴ በደርግ ዘመን ጋቢ ተከናንቦ፣ የሬዲዮውን ድምፅ ዝቅ አድርጎ፣ የውጪ ጣቢያና የታጋዮችን ሬዲዮ ያዳምጥ ነበር። በር ሲንኳኳ መርፌውን ቶሎ ወደ አዲስ አበባ ይመልሳል። እነዚያ ታጋዮች ሥልጣን ያዙ። በ1985 በፕሬስ አዋጅ ሳንሱርን ሻሩ፣ በ1987 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ላይም ሰው በመረጠው ማሠራጫ መረጃ የመሻትና የመቀበል መብት አለው ብለው ጻፉ። እሰየው አልን! ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ግን እነሱው የሞባይል አጭር መልእክትን እስከ 2000 መባቻ ዘጉብን፣ በ1998 ደግሞ የተቃዋሚ ድረ ገጾችንና ብሎጎችን ጠረቀሙ።

በሰኔ 2010 አዲሶቹ 264 ድረ ገጾችና ጣቢያዎች ከፈትን አሉን። አሁንም እሰየው አልን፣ እልል አልን! አምስት ዓመት ሳይሞላ ተመልሰን እዚያው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ማለት ይኸው ነው። መጪው ሁሉ ያለፈውን ቁልፍ ሰባብሮ ይጥላል፣ የራሱን ግን ኪሱ ውስጥ ያኖራል።

«ጥላቻ የሚነዙ አሉ፣ ሕዝቡ እንዳይተላለቅ ነው የዘጋነው» ይሉናል። መኖሩስ አሉ! ለዚህ እኮ ነው በ2012 አዋጅ ቁጥር 1185 የወጣው። አጥፊውን ስሙን ጠርታችሁ ፍርድ ቤት አቁሙት። አንድ ሰካራም ጠጅ ቤት ውስጥ ስለተሳደበ የከተማው በር ሁሉ ይጠረቀማል እንዴ? ደግሞስ ጥላቻ የሚነዛው በቪፒኤን ወይም ከውጪ አገር ሆኖ መንዛቱን መቼ ተወ? የቀረው «ይህ ውሸት ነው» ብሎ የሚመልስለት ጨዋ ሰው፣ ዕቃውን በቴሌግራም የሚሸጠው ነጋዴና ቪፒኤን የሚጭንላት ልጅ የሌላት ባልቴት ናት።

እንግዲህ እኔ ቪፒኤኔን አላጠፋሁም። የሚቸገር ካለም አሳየዋለሁ፣ ሰው በመስኮትም ቢሆን ቤቱ መግባት አለበትና። ነገር ግን በመስኮት መግባትን ነፃነት ብለን አንጥራው! መዝጋት ግድ ነው የሚል ባለሥልጣን ካለ በዳኛ ፊት ቀርቦ ያስረዳ፣ ምን እንደዘጋና ለስንት ቀን እንደዘጋ በጋዜጣ ይንገረን፣ ገንዘቡን ከፍሎ መሥመር ላጣ ደንበኛም ይካስ። ይህ የማይሆን ከሆነ የእኅቴ ልጅ ልጆችም ጋቢ መከናነባቸው አይቀርም።

ቤቱ የእኛ ነው። ቁልፉ ይመለስልን!