የሙዚቃ ቡድን ስም የማን ነው?

የቀድሞ የሙዚቃና የኪነት ቡድኖችን ከብዙ ዘመን በኋላ እንደገና ወደ መድረክ ማውጣት በአገራችን የሚወደድ ነገር ሆኗል። ነገሩ በራሱ መልካም ነው። ልጅ የአባቱን ዜማ ከአባቱ አፍ ቢሰማ የሚጠላ የለም። ነገር ግን ይህን መልካም ነገር የሚያበላሽ አንድ ልማድ ተከትሎት መጥቷል። ይኸውም ከጥንቶቹ ተጫዋቾች አንዱን ወይም ሁለቱን ከፊት አቁሞ፣ የቀረውን ቦታ በሌላ ሰው ሞልቶ፣ በአሮጌው ስም «የቀድሞዎቹ ተገናኙ» ብሎ ማወጅ ነው። ያልተጠራው ሽማግሌ ቤቱ ተቀምጦ በሬዲዮ ይሰማል፤ ተመልካቹም የገዛው ስም እንጂ ሰው እንዳልሆነ ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህ ጽሑፍ የሚቃወመው ያን ልማድ ነው። አሳባችንም በአጭሩ እንዲህ ነው፦ የቡድን ስም ቡድኑን ያቆሙት ሰዎች ሁሉ የጋራ ሀብት ነው። ስለዚህ የጎደለውን ሰው በስሙ ጠርቶ ያልተናገረ መድረክ፣ የቀድሞዎቹን አገናኝቻለሁ ሊል አይገባውም።

ነገሩን ከወልድያና ከሀብሩ፣ ከመርሳም ሆኖ ማየት ይጠቅማል። ይህ ምድር ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ያበረከተው ብዙ ነውና። ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶቻችን መካከል አምባሰልና ባቲ የወሎ አገሮች ስም ናቸው፤ አምባሰልም ከሀብሩ በስተደቡብ የሚገኝ አገር ነው። በካሴት ዘመን እጅግ ብዙ ዘፋኞችን ያጀበው ሮሃ ባንድ የተጠራው ዛሬ በሰሜን ወሎ በምትገኘው በላሊበላ ጥንታዊ ስም ነው። በደርግ ዘመን ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር የኪነት ቡድኖች በተቋቋሙ ጊዜ ጎንደር ፋሲለደስን፣ ጎጃም ግሽ ዓባይን፣ ወሎም ላሊበላን ይዘው ተነሡ። ወልድያ ያን ጊዜ የየጁ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። በዚያ ዘመን በየቀበሌው ከበሮ የመታው፣ ማሲንቆ የገዘገዘው፣ እስክስታ የወረደው ወጣት ዛሬ ሽበት ወርሶታል። ቡድኖቹ የመንግሥት ቅስቀሳ መሣሪያ እንደ ነበሩ አይካድም። ሆኖም ግጥሙን ቅስቀሳ ቢያጽፈውም፣ ዜማውና የከበሮው ምት ከሕዝቡ የተገኘ ነበር፤ የዚያ ሥራ ባለቤቶችም ሥርዓቱ በመለወጡ ምክንያት ሊረሱ አይገባም።

አበው «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላሉ። እኛ ግን ከበሮው በሰው እጅ ማማሩን እናያለን እንጂ የያዘው ሰው ማን እንደ ሆነ አንጠይቅም። ማሪቱ ለገሠ ስትባል የማያውቅ ማን አለ? ስሟ ከላሊበላ የኪነት ቡድን ጋር ተያይዞ የሚጠራ ነው፤ ክብሩም ይገባታል። ነገር ግን ከኋላ ተቀምጦ ክራሩን የቃኘውን፣ ዋሽንቱን የነፋውን፣ ከበሮውን ያነገተውን በየስሙ ቆጥሮ የሚነግረን ከመቶ አድማጭ ስንቱ ነው? በካሴቱ ሽፋን ላይ የሚታየው የዘፋኙ ፎቶግራፍ ነበር። አጃቢዎቹ ሁሉ በባንዱ ስም በአንድ መሥመር ይጠቃለሉ ነበር።

እንግዲህ የክርክሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። ዘፋኝ ከቡድኑ ቢለይ ስሙን ይዞ ይሄዳል። ከበሮ መቺ ከቡድኑ ቢለይ ግን ስሙን ጥሎ ይሄዳል፤ እርሱ በሕዝብ ዘንድ ሌላ ስም የለውምና። ለአጃቢ የቡድኑ ስም የሥራ ምስክሩ፣ የወጣትነቱ ማስረጃ፣ ለልጆቹ የሚያወርሰው ብቸኛ ማዕረጉ ነው። ያን ስም ያለ እርሱ ፈቃድ ለሌላ ማልበስ ከትከሻው ላይ ጋቢውን እንደ መግፈፍ ይቈጠራል።

«የፈረንጅ ባንዶች ጠብ ለእኛ ምን ይበጀናል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ወሎ ግን ሳትጠየቅ በዚያ ታሪክ ውስጥ ገብታለች። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ወሎንና ትግራይን በመታ ጊዜ በኮረም የተነሣው የቴሌቪዥን ፊልም ዓለምን አስደነገጠ። ከዚያም የተነሣ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተደረገ። በዚያች ቀን ተለያይተው የነበሩ አንጋፋ የሮክ ባንዶች ስለ ረኀባችን ሲባል እንደገና ተገናኙ። ብላክ ሳባት ከቀድሞው ዘፋኙ ከኦዚ ኦዝቦርን ጋር ቆመ። ከሌድ ዜፕሊን የቀሩት ሦስቱም ወጡ።

የሌድ ዜፕሊን ነገር ለአሳባችን ትልቅ ምስክር ነው። ከበሮ መቺው ጆን ቦናም በመስከረም 1973 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ፣ የቀሩት በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ያለ እርሱ በቀድሞው ሁኔታ መቀጠል እንደማይችሉ ገልጠው ሥራቸውን አቁመው ነበር። በላይቭ ኤይድ ቀን የእርሱን ቦታ ፊል ኮሊንስና ቶኒ ቶምሰን ያዙ፤ ሁለቱም የታወቁ ከበሮ መቺዎች ነበሩ። ጨዋታው ግን ስላልሰመረ፣ ከዓመታት በኋላ የዝግጅቱ ፊልም በዲቪዲ ሲታተም የባንዱ ሰዎች የእነርሱ ክፍል እንዳይገባ ከለከሉ። እንግዲህ አንድ ከበሮ መቺ ሲጎድል ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች ቦታውን ሊሞሉት ካልቻሉ፣ «አጃቢ ምን ጊዜም ይገኛል» የሚለው አባባል ከምን ላይ ይቆማል?

ሁለተኛውም ምስክር ከዚሁ ይወለዳል። ፒንክ ፍሎይድ ከሚባለው የእንግሊዝ ባንድ ሮጀር ዋተርስ በ1978 ዓ.ም. ሲለይ «እኔ ከሌለሁ ስሙም ይቅር» አለ። ዴቪድ ጊልሞርና ኒክ ሜሰን ደግሞ «ስሙ የእኛም ነው» አሉ። ነገሩ ጠበቆች ዘንድ ደርሶ በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. በስምምነት አለቀ፤ ስሙም ለቀሩት ሆነ፤ ቂሙ ግን ለብዙ ዓመት ቆየ። ከላይቭ ኤይድ ሃያ ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ በለንደን «ላይቭ ኤይት» በተባለው ዝግጅት አራቱም ከ24 ዓመት በኋላ በአንድ መድረክ ቆሙ። በዚያች ሰዓት ዋተርስ ሙዚቃው መሰማት ሲጀምር፣ ይህን የሚያደርጉት በዚያ ላልተገኙት ሁሉ፣ ይልቁንም ለሲድ መሆኑን ለሕዝቡ ተናገረ። ሲድ ባሬት ከባንዱ መሥራቾች አንዱ ሲሆን፣ ጤናው ታውኮ በ1960 ዓ.ም. የተለየ ሰው ነበር። ያን ጊዜ በሕይወት ነበረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሞተ። የአራቱም መገናኘት ሁለተኛ አልተደገመም፤ ሪቻርድ ራይት በመስከረም 2001 ዓ.ም. ዐረፈና። ለጠበቃ ያን ያህል ገንዘብ ካፈሰሱት ሰዎች የምንማረው የጠቡን ብልሃት አይደለም፤ የጎደለውን በስሙ መጥራት አንድ ቃል ብቻ እንደሚፈጅ ነው።

በእነዚሁ ዝግጅቶች ላይ ሌላም የሚታይ ነገር አለ። በላይቭ ኤይድ የተጠራው የእኛ ረኀብ ነበር፤ የእኛ ማሲንቆ ግን በመድረኩ አልተሰማም። በ1997 ዓ.ም.ም የአፍሪካ ሙዚቀኞች በዋናዎቹ መድረኮች ማነሳቸው ወቀሳ አስነሥቶ፣ በእንግሊዝ አገር በኮርንዎል ለእነርሱ ለብቻቸው ሌላ መድረክ ተዘጋጀ። ወሎ ስሟ ተጠርቶ ሰዋ ሳይጠራ ሲቀር ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ይህን ያየ አገር በራሱ ሽማግሌዎች ላይ ያንኑ ሊፈጽም አይገባውም።

የስም ንግድ ጉዳቱ የት እንደሚደርስ ለማየት ፍሊትዉድ ማክ የሚባለውን ባንድ እናስታውስ። በ1966 ዓ.ም. የባንዱ ሥራ አስኪያጅ ስሙ የእኔ ነው ብሎ፣ ከባንዱ ያልሆኑ ሰዎች ሰብስቦ ወደ አሜሪካ ለጨዋታ ላከ። ተመልካቹ ተታለለ፤ ነገሩም ወደ ክርክር ገባ። እንዲህ ያለው ማታለል ስለበዛ፣ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ሕግ አወጡ። በሕጉ መሠረት በቡድኑ ቅጂ ላይ ከተጫወቱት ቢያንስ አንዱ በስሙ የመጠቀም መብት ኖሮት ካልተገኘ፣ አዘጋጁ ዝግጅቱን የመታሰቢያ ጨዋታ ነው ብሎ ማስታወቅ አለበት። ሕጉ መልካም ነው፤ ለእኛ ግን አይበቃም። አንድ ሰው ከተገኘ በቂ ነው ካልን፣ ያ አንድ ሰው ዘወትር ዘፋኙ ይሆናልና።

ከዚህ ሁሉ የሚሻል ምሳሌ ከራሳችን ሰው እናገኛለን። በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት ይጫወት የነበረው ዋሊያስ ባንድ በ1974 ዓ.ም. ገደማ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ከአባሎቹ ከፊሉ ተመለሰ፣ ከፊሉም እዚያው ቀረ። እዚያው ከቀሩት አንዱ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ኖረ። በ2005 ዓ.ም. የድሮ ቅጂው እንደገና ታትሞ ዓለም ሲያስታውሰው፣ ከሌላ አገር ሙዚቀኞች ጋር ሆኖ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2010 ዓ.ም.ም አዲስ አልበም አወጣ። በዚህ ሁሉ የተጠቀመው በራሱ ስም ነው። ዋሊያስ የሚለው ስም ከእርሱ ስም ይበልጥ ገበያ ባመጣለት ጊዜም የራሱን ስም ይዞ ቆመ። ብቻውን የተመለሰ ሰው ብቻውን መመለሱን ቢናገር ከክብሩ ምንም እንደማይጎድልበት ይህ ያስረዳናል።

በተቃራኒው የሚነሡትን ምክንያቶች ሳንሰማ አናልፍም። አንዳንዶች «የኪነት ቡድን የመንግሥት ነበር፤ አባል ይገባል፣ አባል ይወጣል፤ ስሙ የመሥሪያ ቤቱ ነው» ይላሉ። ይህ ክርክር እውነት አለበት። ትምህርት ቤት ተማሪው ቢለዋወጥም ስሙን እንደሚይዝ፣ የኪነት ቡድንም ተተኪ አፍርቶ በስሙ ሊቀጥል ይችላል፤ ሊቀጥልም ይገባዋል። ነገር ግን የዛሬ ተማሪ የትላንቱን የምስክር ወረቀት አይወስድም። ተተኪው ተተኪ ነኝ ብሎ ቢወጣ እናጨበጭብለታለን። «የጥንቶቹ ነን» ካለ ግን የማንን ድካም እንደለበሰ እንጠይቀዋለን።

ሌሎች ደግሞ «ከጥንቶቹ ብዙዎቹ ሞተዋል፣ የቀሩትም በስደት ተበትነዋል፣ አንዳንዱም ተጣልቷል፤ ሁሉን እንሰብስብ ካልን መድረኩ ባዶውን ይቀራል» ይላሉ። እኛ ሁሉ ካልተሰበሰበ አይዘፈን አላልንም። ያልነው የሞተው በስሙ ይታሰብ፣ የተሰደደው ይጠየቅ፣ የተጣላውም ከሌሎቹ እኩል ይጠራ ነው። ተጠርቶ እንቢ ያለ ሰው ቅሬታው የራሱ ነው፤ ሳይጠራ የቀረ ሰው ቅሬታ ግን የአዘጋጁ ዕዳ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ስሞቹ ይጻፉ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት በተያዘችበት ጊዜ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ሰነዶችም ጠፍተዋል። በወረቀት የነበረው ከጠፋ የቀረን መዝገብ የሽማግሌዎቹ ልብ ብቻ ነው፤ እርሱም በየዓመቱ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። የወልድያና የሀብሩ የባህል ጽሕፈት ቤቶች በከተማና በገጠር ቀበሌው እየዞሩ፣ በየትኛው ቡድን ማን ምን መሣሪያ እንደ ተጫወተ፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት እንደ ቆየ ይመዝግቡ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በመርሳም ግቢ አለው፤ ተማሪዎቹ መቅረጫ ይዘው የሽማግሌዎቹን ቃል ቢሰበስቡ ከብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የበለጠ አገር ያገለግላሉ። ሁለተኛም፣ የዳግም ግንኙነት ዝግጅት ፈቃድ የሚጠይቅ ሁሉ ሦስት ዝርዝር ያቅርብ፤ በመድረኩ የሚቆሙት፣ ያልተገኙትና የሞቱት። ዝርዝሩም ከሙዚቃው አስቀድሞ በመድረክ ይነበብ። ሦስተኛም፣ ከመግቢያው ገንዘብ ለቀሩት አባሎችና ለሟች ቤተሰቦች የሚደርሰው ድርሻ አስቀድሞ ይወሰን።

ሕጉም ከዚህ ጋር ይሄዳል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኙን መብት ይጠብቃል፤ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ደግሞ የንግድ ምልክት ምዝገባን ይደነግጋል። ነገር ግን ማን እንደ ተጫወተ ካልተጻፈ ዳኛው ምን ይዞ ይፈርዳል? ስሙን ቀድሞ ያስመዘገበው ነጋዴ፣ ስሙን በላቡ ካስገኘው ከበሮ መቺ ፊት ይቆማል።

በወልድያ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ስታዲየም ከሃያ አምስት ሺህ የሚበልጥ ሰው ይይዛል። አንድ ቀን የወሎ አንጋፋ ተጫዋቾች በዚያ ሜዳ ቢሰበሰቡ ከመርሳም፣ ከውርጌሳም፣ ከቆቦም ሕዝብ ጎርፎ እንደሚመጣ አንጠራጠርም። ያን ዝግጅት የሚያዘጋጅ ሰው ለድምፅ ማጉያው፣ ለመብራቱና ለማስታወቂያው ብዙ ይደክማል። የሞተውን ከበሮ መቺ ስም ማንበብ ግን ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ልጁም ከሕዝቡ መካከል ቆሞ ይሰማ ይሆናል።