ዝሆኔና የጋብቻ ነገር

በአዲስ ቅዳም በፍርድ ቤት ጽሕፈት ተቀምጠን ከምንሰማው ነገር ሁሉ ልብን እጅግ የሚያሳዝነው የመሬትና የገንዘብ ክርክር አይደለም። አንድ ቀን ሁለት አባቶች ከሽማግሌዎቻቸው ጋር መጡ። ልጆቻቸው ተጫጭተው፥ ጠላው ተጠንስሶ፥ ዘመድ ተጠርቶ ነበር። ነገሩ የፈረሰው የልጂቱ እናት እግራቸው በዝሆኔ በሽታ ማበጡን የወንዱ ወገኖች በገበያ ስለ ሰሙ ነው። ልጂቱ ራስዋ ጤነኛ ናት። የወንዱ አባት ግን «ይህን ደዌ በዘሬ ላይ አላገባም» አሉ፤ የልጂቱም አባት የሚመልሱት ቃል አጥተው ዝም አሉ።

እኒህ ሰው እውነት አላቸውን? የሚለው ጥያቄ ከእኔ ጋር ወደ ቤቴ ገባ።

ዝሆኔ ከአንድ ምክንያት ብቻ የሚመጣ አይደለም። በቆላ አገር በትንኝ ንድፊያ የሚገባ ረቂቅ ትል እግርን ያሳብጣል። በእኛ በደጋውና በወይና ደጋው የሚታየው ግን ትልም ተሐዋሲም የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም ከቶ አይተላለፍም። የዚህን ነገር ምሥጢር ከገለጡት አንዱ ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ናቸው። በአውሮፓ ቍጥር በ1970ዎቹ ዓመታት (ከዚህ በታችም ዓመቱን በዚሁ ቍጥር እጽፋለሁ) በኢትዮጵያ ሥጋ ደዌን ያክሙ ነበር። ሥጋ ደዌ ነርቭን ስለሚጎዳ እግሩ መደንዘዙ የታወቀ ነው፤ ይህኛው ያበጠ እግር ግን እሾሁንም እሳቱንም ይሰማል። ፕራይስ በበሽተኞቹ የብሽሽት እጢ ውስጥ ከቀይ አፈር የገባ እጅግ የላመ የማዕድን ብናኝ አገኙ፤ ስለዚህም በሽታውን እግርና አቧራ ከሚሉት የግሪክ ቃላት አጋጥመው ፖዶኮኒዮሲስ ብለው ሰየሙት። አፈሩም ከእሳተ ገሞራ የወጣ ድንጋይ በብዙ ዝናብ ፈርሶ የሚሆን ነው። የዘንገና ሐይቅ የተኛበት ጉድጓድ የእሳተ ገሞራ አፍ መሆኑን የሚያውቅ የአዊ ሰው፥ በምን ዓይነት መሬት ላይ እንደሚሄድ አይጠፋውም።

ነገር ግን በአንድ እርሻ ላይ ሁሉም በባዶ እግሩ ሲያርስ አንዱ ታምሞ ሌላው የሚድነው ስለ ምንድር ነው? በ2007 የታተመ ምርመራ በደቡብ ኢትዮጵያ 59 ቤተ ሰቦችን ተመልክቶ፥ የበሽተኛ ወንድም ወይም እኅት የሆነ ሰው ከሌላው ሰው ይልቅ አምስት እጥፍ ያህል ለበሽታው የቀረበ መሆኑን አሳየ። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያዊው መርማሪ ፋሲል ተኮላ አየለ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው የ194 በሽተኞችንና በዚያው በወላይታ የሚኖሩ ያልታመሙ የ203 ሰዎችን ዘረመል አነጻጸሩ። ውጤቱ በ2012 በታላቁ የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ልዩነቱ የተገኘው ኤች ኤል ኤ በሚባለው ስፍራ ነው፤ ይህም የሰውነት ዘበኞች ባዕዱን ነገር ከራሳቸው የሚለዩበትን ምልክት የሚሠራ ነው። እንግዲህ የአንዳንዱ ሰው ዘበኛ በአፈሩ ብናኝ ላይ ከልክ ያለፈ ቁጣ የሚቆጣ ይመስላል፤ ከቁጣውም የተነሣ በእግር ውስጥ የፈሳሹ መንገድ ይዘጋል።

እኔ ግን ከዚህ ውጤት ይልቅ የማደንቀው አስቀድሞ የተደረገውን ነው። ፋሲልና ባልንጀሮቻቸው የሰዎቹን ፈቃድ እንዴት መጠየቅ እንደሚገባ አስቀድመው መርምረው በ2009 አሳተሙ። በዚያም ጽሑፍ ሕዝቡ፥ «በዘር ነው» የሚለውን ሐሜት ምርመራው እንዳያጸናበት መስጋቱን መዘገቡ። ስጋቱ ባዶ አልነበረም፤ እኔ በጽሕፈት ቤቴ አይቼዋለሁ።

ለወንዱ አባት የሚገባቸው መልስ ይህ ነበር። ከወላጅ የሚወረሰው ለበሽታው የመዘጋጀት ነገር ነው እንጂ በሽታው አይደለም፤ አፈሩ እግርን ካልነካ ዝግጅቱ ብቻውን ምንም አያደርግም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ የሚያደርግ፥ እግሩንም በሳሙና የሚታጠብ ልጅ፥ እናቱ ብትታመምም ሳይታመም ሊኖር ይችላል። ደግሞም ያን ዝግጅት በደሙ የያዘው ማን እንደ ሆነ በዐይን አይታወቅም። የወንዱ አባት በዚያ ቀን በደጃፋችን የቆሙት በባዶ እግራቸው ነበር፤ ቀዩ ጭቃም እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ደርሶ ነበር።

የታመመውም ቢሆን ተስፋ አለው። በምሥራቅ ጎጃም 696 በሽተኞች የተሳተፉበትና በ2018 የታተመ ምርመራ፥ እግርን በየቀኑ ማጠብና ማድረቅ፥ ቅባት መቀባት፥ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ ትኩሳቱና ሕመሙ የሚነሣበትን ጊዜ እንደሚቀንስ አስረድቷል። በኢትዮጵያ በዚህ ደዌ የተያዙት ጎልማሶች 1.5 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ስለ ተገመተ፥ ሳሙናና ጫማ የሚጠብቀው ቤት ብዙ ነው።

የልጂቱ እናት አሁን ማታ ማታ እግራቸውን ይታጠባሉ፤ ውኃውን የምታቀርብላቸውም ልጂቱ ናት። ስጦታው ግን ተመልሷል፤ ስምምነቱንም በመዝገብ የገለበጥሁት እኔ ነኝ።