በሰው ጓዳ የሚያበስል እንግዳ

ልጃችሁ በኢንፍሉዌንዛ ሲታመም ካለፈው የተረፈ አንቲባዮቲክ ለመስጠት ትቸኩላላችሁ? እኔም አደርገው ነበር። አንቲባዮቲክ የሚመታው ባክቴሪያን ነው። ይህ ቫይረስ ግን የራሱ ጓዳ የለውም፤ የሚያበስለው በእኛው ሴል ውስጥ ነው። በ8 የአር ኤን ኤ ቁራጮች የተጻፈ መመሪያውን ይዞ እስከ ሴሉ ኒውክሊየስ ይዘልቃል። እዚያም ከሴሉ መልእክቶች ጫፍ ጫፉን ቆርጦ በራሱ መልእክት ላይ ይቀጥላል፤ ሴሉም የራሱ መስሎት የቫይረሱን ፕሮቲን ይሠራለታል። በመጨረሻም ፕሮቲኖቹና 8ቱ ቁራጮች በሴሉ ሽፋን ሥር ተሰባስበው፣ ያንኑ ሽፋን ለብሰው ይወጣሉ።

እናትና አባት ሆይ፣ የተረፈውን ክኒን ተዉት። ልጁን አሳርፉት፣ ፈሳሽ አጠጡት፤ ትንፋሽ ካጠረው ግን ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት።