ማተሚያውን ከመውቀስ በፊት

የቤተሰብ ዓምድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሀርጌሳ አየር ማረፊያ የሚወርድ መንገደኛ ወደ ከተማው ሲዘልቅ ቶሎ ከሚያስተውላቸው ነገሮች አንዱ የጽሑፉ ዓይነት ነው። የሱማሌ ቋንቋ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ እ.ኤ.አ. በ1972 ከተወሰነ ወዲህ ሱማልኛ በአብዛኛው የሚታተመው በዚሁ ፊደል ነው። ስለሆነም በዚያ ከመደብር የተገዛ ኮምፒዩተር የአካባቢውን ቋንቋ ለማተም ሌላ ፊደል አያሻውም። በዚያው ከተማ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ግን ለልጁ የሀሁ ገበታ፣ ለመሥሪያ ቤት ማመልከቻ ወይም ለዘመድ የሠርግ ጥሪ በአማርኛ ማተም ሲሻ አንድ ተጨማሪ ሥራ ይጠብቀዋል።

ይህ ሥራ በየጦር ሰፈሩ የሚኖሩ ቤተሰቦቻችንንም የሚመለከት ነው። ከወር ደመወዝ ተቆጥቦ የተገዛ ማተሚያ ባዶ ሳጥኖች ወይም ነጭ ወረቀት ሲያወጣ «ዕቃው ብልሹ ነው» ተብሎ ከአልጋ ሥር ይጣላል፤ አለዚያም በርካሽ ይሸጣል። ከዚያ በፊት ግን ሦስት ነገሮች ተለያይተው ሊመረመሩ ይገባል፤ እነርሱም ግንኙነቱ፣ ፊደሉና ቀለሙ ናቸው። የአንዱ ጉድለት በሌላው ላይ ሲላከክ የቤተሰቡ ገንዘብ በከንቱ ይባክናል። ለምሳሌ የምንወስደው ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት የሚሠራ ኮምፒዩተር ነው፤ ሥርዓቱ ያለ ክፍያ የሚገኝና ባረጀ ኮምፒዩተር ላይም የሚሠራ በመሆኑ ለመጠነኛ ገቢ ይስማማልና።

የማተሚያና የነጻ ሥርዓት ነገር የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን የላቦራቶሪው ማተሚያ ወረቀት ሲነከስበት ለሠራተኞቹ እንዲያስታውቅ ለማድረግ ፈልጎ የፕሮግራሙን ጽሑፍ ቢጠይቅ ተከለከለ። ይህ ክልከላ በ1983 ግኑ የተባለውን ነጻ ሥርዓት እንዲጀምር ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። በ1991 የፊንላንዱ ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን አስከተለ፤ በ1999 ደግሞ ማይክል ስዊት የሠራው ካፕስ የተባለ ፕሮግራም ወጣ። ዛሬ በሊኑክስ ላይ የማተሙን ሥራ ተቀብሎ ወደ ማተሚያው የሚያስተላልፈው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ካፕስ ነው።

በመጀመሪያ ግንኙነቱን እንመልከት። ሥራው የሚጀምረው ገና ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ ነው። የማተሚያውን ሙሉ ስምና ቁጥር ከካርቶኑ ላይ ጽፎ ወስዶ ሊኑክስ ያውቀው እንደሆነ ማጣራት ተገቢ ነው። በካርቶኑ ላይ ኤርፕሪንት ወይም አይፒፒ ኤቭሪዌር የሚል ምልክት ካለ አዳዲሶቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ሊቀበሉት የሚችሉ ናቸው። ለኤችፒ ማተሚያዎች ኤችፒሊፕ የተባለ ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ኤፕሰንም ለብዙዎቹ ማተሚያዎቹ የሊኑክስ ፕሮግራም አዘጋጅቷል። ማተሚያው በሽቦ ከኮምፒዩተሩ ጋር ከተያያዘ በኋላ በማስተካከያው ገጽ የማተሚያዎችን ክፍል ከፍቶ መጨመርና የሙከራ ገጽ ማተም ይበቃል። በዚሁ ጊዜ የወረቀቱ ልክ ኤ4፣ ማለትም 210 በ297 ሚሊ ሜትር መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሥርዓቱ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ተጭኖ እንደሆነ 216 በ279 ሚሊ ሜትር የሆነውን የአሜሪካኖች ወረቀት መርጦ ሊገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጽሑፉ ከቦታው ይዛነፋል ወይም ማተሚያው ወረቀቱን አልቀበልም ይላል።

ሁለተኛው ፊደሉ ነው። ፊደላችን ለኅትመት እንግዳ አይደለም፤ ዮሐንስ ፖትከን በሮም ከተማ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ነበር። በኮምፒዩተር ረገድ ግን ለፊደሎቻችን በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ ቋሚ ቁጥር የተሰጣቸው በ1999 ነው። አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉት የፊደል ቅርጾች በነጻ ይገኛሉ፤ ከሁለቱ አንዱ ሲጫን ባዶ ሳጥኖቹ ወደ ፊደል ይለወጣሉ። ለመጻፍም ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት ሴራ የተባለው ዘዴ በሊኑክስ አለ፤ በላቲን ቁልፎች የቃሉን ድምፅ እየተከተሉ መጻፍ ያስችላል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፉ ሰነዶች ግን ቅርጹ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደሎች ሆነው ይታያሉ። መፍትሔው ሰነዱን በተጻፈበት ኮምፒዩተር ላይ ፊደሉን አቅፎ በሚይዘው በፒዲኤፍ መልክ አስቀምጦ ማምጣት ነው።

ሦስተኛው ቀለሙ ነው። ኢንክጄት ማተሚያ ቀለሙን እጅግ ጠባብ በሆኑ ቀዳዳዎች እየተፋ ይጽፋል፤ በአንዳንዱ ትንሽ ማሞቂያ የፈጠረው አረፋ፣ በሌላው በኤሌክትሪክ የሚታጠፍ ክሪስታል ጠብታውን ይገፋዋል። ኤችፒ በ1984 ያወጣው ቲንክጄት 12 ቀዳዳዎች ብቻ ነበሩት፤ የዛሬዎቹ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ አሏቸው። በውሃ የተበጠበጠ ቀለም በደረቅ አየር ቶሎ ስለሚደርቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በደረቅ ምድር በምትገኘው በሀርጌሳም ሆነ በጅጅጋና በድሬዳዋ ሥራ ፈትቶ የከረመ ማተሚያ አፉ ይዘጋል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ ሁሉም ቀለሞች ያሉበት አንድ ትንሽ ገጽ ማተም፣ በማይሠራበት ጊዜም ከአቧራ በጨርቅ መሸፈን ይገባል። የማጽጃው ትእዛዝ ራሱ ቀለም የሚበላ በመሆኑ ደጋግሞ ማዘዝ ኪሳራ ነው። ማተሚያውን በራሱ ቁልፍ ማጥፋት እንጂ ሶኬቱን መንቀል አይበጅም፤ በቁልፍ ሲጠፋ የቀለሙ ራስ ወደ ክዳኑ ተመልሶ ይታሸጋልና። ታንክ ያለው ማተሚያ በዝውውር ጊዜ በመኪናም ሆነ በአውሮፕላን ሲጓጓዝ እንዳይጋደም ጥንቃቄ ያሻዋል።

እንግዲህ ምርመራው በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። የሙከራው ገጽ ከነጭራሹ ካልወጣ ችግሩን በግንኙነቱ፣ ገጹ ደህና ወጥቶ አማርኛው ብቻ ሳጥን ከሆነ በፊደሉ፣ በመስኮቱ ላይ ጽሑፉ ጥርት ብሎ እየታየ ወረቀቱ የተሰነጣጠቀ ወይም ነጭ ከሆነ በቀለሙ ዘንድ መፈለግ ነው። ከሦስቱ መካከል ገንዘብ ሊያስወጣ የሚችለው አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ብቻ ነው።

ባል ግዳጅ ላይ በሚሆንበት ጊዜ የቤቱን ወረቀት የምትጽፈውና የምታትመው እመቤት ናትና ይህ ዕውቀት በእርሷም እጅ ሊኖር ይገባል። የማተሚያው ስምና ቁጥር፣ ቀለሙ የተለወጠበት ቀንና የወጣበት ዋጋ በቤቱ የወጪ ደብተር ቢሰፍር፣ ሌላ ማተሚያ ለመግዛት የሚነሣው ሐሳብ በስሜት ሳይሆን በሒሳብ ይወሰናል።