ዘግይቶ ስለሚበስል ዛፍ

ዘግይቶ የሚያፈራ ዛፍና መካን ዛፍ አንድ አይደሉም፤ ብዙ ሰው ግን ኹለቱን ሳይለይ ምሳር ያነሣል።

በሽንዲና በቡሬ አገር የለመድነው ቶሎ የሚደርሰውን ነው። በቆሎውና በርበሬው በክረምት ይዘራል፥ በዚያው ዓመት ይሰበሰባል። ስለዚህ በጓሮው ፖም፥ ማለት በገበያ አፕል የሚባለውን የተከለ ሰው፥ በኹለተኛው ዓመት ፍሬ ባያይ «ይህ እንጨት መሬቴን በላው» ይላል።

ፖም ግን ሦስት ነገር ይሻል። ፊተኛው ብርድ ነው፤ ብርድ ካልጠገበ እንቡጡ በደንብ አይነቃም። በጋሞ ደጋ በጨንቻ የተስማማው ስለዚህ ነው። ሽንዲ ከዚያ ትሞቃለችና፥ በዚህ የሚተክል ሰው ጥቂት ብርድ የሚበቃውን፥ አና የሚባለውን ዐይነት ቢመርጥ ይሻለዋል። ኹለተኛው ባልንጀራ ነው፤ አብዛኛው ፖም ብቻውን አያፈራም፥ በአንድ ጊዜ የሚያብብ ሌላ ዐይነት ፖምና ንብ በአጠገቡ ያስፈልገዋል። ሦስተኛው ጊዜ ነው፤ ግራኒ ስሚዝ የተባለው አረንጓዴ ፖም ከአበባው እስከ መብሰሉ ስድስት ወር ያህል ይፈጃል። ነገር ግን ዘግይቶ የበሰለው በቀዝቃዛ ስፍራ ብዙ ወር ሳይበላሽ ይቀመጣል።

ይህን ፖም በአውስትራልያ ያበቀለችው ማርያ አን ስሚዝ የምትባል አሮጊት ናት። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1868 ፍሬው ታየ፤ እርስዋም በ1870 ሞተች። ስሙ በዓለም የወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የአገሯ አትክልተኞች ጠብቀው ስላባዙት።

«መሬቴ ጠባብ ነው፥ መካን ዛፍ አልቀልብም» የሚል ሰው እውነት አለው። ሦስቱ ነገር ተሟልቶለት፥ ዓመታትም አልፈው ካላፈራ፥ ነቅሎ ማንጎ ወይም አቮካዶ መትከል ነውር አይደለም። ሳይመረምሩ መቍረጥ ግን ስንፍና ነው።

ልጆቻችንንም እንዲሁ እንፈርድባቸዋለን። ፊደል የዘገየበትን ልጅ አባቱ «አልኾነለትም» ብሎ ከትምህርት ቤት አውጥቶ ከብት ያስጠብቀዋል። አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ልጁ በልቶ ይሄዳልን? ማታ አብሮት የሚያጠና አለውን? ስንት ጊዜስ ታገሥሁት? በጎጃም ቅኔ ቤት ዘግይቶ ቅኔ የቈጠረ ተማሪ መምህር ሲኾን ታይቷል። ዛፍ ቢነቀል በስፍራው ሌላ ይተከላል፤ ከትምህርት የተነቀለ ልጅ ግን ያለፈውን ዕድሜ መልሶ አያገኘውም። ስለዚህ በዛፍ የምንታገሠውን ያህል እንኳ በልጅ እንታገሥ።