የሌሊት ወፍ ወፍ አይደለችም

ባለፈው ቅዳሜ አራተኛ ክፍል የሚማረው የልጅ ልጄ የሳይንስ ደብተሩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። የቤት ሥራው እንስሳትን በየወገናቸው መመደብ ነው። የሌሊት ወፍን ከወፎች፣ ዓሣ ነባሪን ከዓሦች ጋር ጽፏል። «ተሳስተሃል» ስለው አኮረፈ። «አያቴ፣ ስሟ ራሱ ወፍ አይደል እንዴ የሚለው!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያሳሳተው ስሙ ነው።

«አጥቢ ማለት ምን ይመስልሃል?» አልኩት። ጥቂት አሰበና «የምታጠባ» አለ። በቃ፣ ዋናው ትምህርት ይኸው ነው። የሌሊት ወፍ እንቁላል አትጥልም፤ ወልዳ ታጠባለች። ሰውነቷ ላይ ያለውም ላባ ሳይሆን ፀጉር ነው። ዓሣ ነባሪም ኑሮዋ ባሕር ውስጥ ቢሆንም አየር ለመሳብ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ልጇንም ታጠባለች። በሳይንስ ቋንቋም ስሙ የመጣው ከዚሁ ነው። ስዊድናዊው ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 እነዚህን እንስሳት «ማማሊያ» ሲል የሰየማቸው፣ ጡት ማለት ከሆነው የላቲን ቃል ተነስቶ ነው።

ልጆቹን ስታስጠኑ የሚያጋጥሟችሁ ሌሎች ቃላትም አሉ። «ደመ ሞቃት» የሚባለው ውጪው ቢበርድም ቢሞቅም የሰውነቱን ሙቀት ጠብቆ የሚኖር ነው፤ የእኛ 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወፎችም ደመ ሞቃት ስለሆኑ ግን ይህ ብቻውን አጥቢን አይለይም። የሚለዩት ወተትና ፀጉር ናቸው።

አጥቢዎች ደግሞ ሦስት ወገን ናቸው። እንደ አውስትራሊያዋ ፕላቲፐስ እንቁላል ጥለው የተፈለፈለውን የሚያጠቡ ጥቂቶች አሉ። ሁለተኛዎቹ ባለ ከረጢት ናቸው፤ የካንጋሮ ልጅ የባቄላ ፍሬ አክሎ ይወለድና እናቱ ሆድ ላይ ባለው ከረጢት ውስጥ እየጠባ ያድጋል። ሦስተኛዎቹ ባለ እንግዴ ልጅ ይባላሉ፤ ጽንሱ በእትብቱ በኩል ምግብና አየር እያገኘ ማህፀን ውስጥ ይቆያል። ላም፣ ውሻ፣ ዋልያ፣ እኛም ራሳችን እዚህ ውስጥ ነን።

አንድ ቃል ግን ለእኛ ለአያቶች አስቀርቻለሁ፤ እንገር።

በወጣትነቴ ገጠር ስሠራ፣ አንዲት እናት እንደወለደች አማቷ የመጀመሪያውን ቢጫ ወተት እያለቡ ሲደፉ ደረስኩ። ለሕፃኑ የሚያልሱት ቅቤ አዘጋጅተዋል። «ምነው እማማ?» አልኳቸው።

«ቆይቶ የተበላሸ ነው ልጄ፣ ሆዱን ያመዋል» አሉኝ።

«ላምዎ ስትወልድ ጥጃውን እንገር ይከለክሉታል?»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ! እንገር ያልጠባ ጥጃ መች ይጠነክራል?» አሉና፣ የተናገሩትን ራሳቸው ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ ሕፃኑን አንስተው ምራታቸውን አስታቀፏት።

እነዚያን እናት ሁልጊዜ አስታውሳለሁ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ለልጁ የሚበጀውን ያደረጉ መስሏቸው ነው። እንገር መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል ስለሆነ ጠብታውም መደፋት የለበትም። ሕፃን በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይጀምር። እስከ 6 ወር ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት በቀር ውሃም ቅቤም ሳይጨመር ጡት ብቻ ይጥባ። ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ምግብ እየበላ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ መጥባቱን ይቀጥል።

በየቤቱ አራስ የምትጠይቀው ምክር የእኛን ነው። «ይሄ ወተት አይጠቅምም» ካልናት ታምነናለች፤ «አጥቢው» ካልናትም እንደዚያው።

የልጅ ልጄ ደብተሩን አርሞ ሲነሳ «ታዲያ እናቴም አጥቢ ናት ማለት ነው?» አለኝ።

«አንተን ሁለት ዓመት ሙሉ አጥብታሃለች» አልኩት። ሳቀና ሊነግራት ወደ ማድ ቤት ሮጠ።